የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና ወራሹ

በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መዝገብ ውስጥ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ሰፍሯል። ነጭ የጥጥ ሸማ ነው፤ ረጅምና ሰፊ፣ በባለቀለም ሐር የተጠለፈ። ባለቤቱ «ወይዘሮ ጥሩነሽ» የተባሉ ንግሥት እንደሆኑ መዝገቡ ይገልጻል። ሙዚየሙ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ሰጪው በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው ግን ያልተጠበቀ ሰው ነው፦ የብሪታንያ መንግሥት የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር።

ጥሩነሽ የተባሉት እኛ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የምንላቸው፣ የአጼ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት ናቸው። ሕንድን በዓይናቸው አላዩም። ቀሚሱ ለሙዚየሙ ሲሰጥም እሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ታዲያ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እቴጌ የግል ልብስ እንዴት ሆኖ የሕንድ ሚኒስትር ስጦታ ሆነ? ለመልሱ ከቀሚሱ አስቀድመን ቤተሰቡን ማወቅ አለብን።

የደጃች ውቤ ልጅ

ጥሩወርቅ የተወለዱት ከትልቅ ቤት ነው። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንን ወርሰው ትግራይን የጨመሩ፣ በዘመነ መሳፍንት ከነበሩት ገዢዎች ሁሉ እጅግ ከበረቱት አንዱ ነበሩ። በምጽዋ በኩል ከሚመጣው ነጋዴና ጠመንጃ ጋር ቅርበት ስለነበራቸው የታጠቀ ሠራዊት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጡትም እሳቸው ናቸው። ጳጳስ በእጁ ያለ መስፍን ዘውድ ሊያስብ ይችላል፤ ውቤም አሰቡ። ሰሜን ውስጥ ደራስጌ ማርያምን አሠሩ። በሥራው ላይ በአገልግሎታቸው ሥር የነበሩ ጀርመኖች ተሳትፈውበታል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደራስጌ አጠገብ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ለውቤ የተዘጋጀው ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም ግምጃ ቤቱም፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ ሰው እጅ ገባ። ባለቤቱ በእግር ብረት ቀሩ።

የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ናቸው። ስማቸውን እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን። ከአጎቶቻቸው አንዱ ደግሞ የውቤ ወንድም ብጡል ኃይለ ማርያም ነበሩ። ብጡልም ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟ ጣይቱ ተባለ።

የተማራኪ ልጅ፣ የንጉሥ ሚስት

አጼ ቴዎድሮስ ሁለት ጊዜ ያገቡት ከወጓቸው ሰዎች ቤት ነው። የመጀመሪያይቱ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች የራስ አሊ ልጅ ነበሩ። ባልና አባት ሲዋጉ ተዋበች ከባላቸው ጎን ቆሙ፤ ቴዎድሮስም በሚገባ ወደዷቸው። በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱ የንጉሡ ሐዘን ከባድ ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች ንጉሡ ከዚያ በኋላ ጠባያቸው ተለወጠ ብለው ጽፈዋል።

ሁለተኛው ጋብቻ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ተፈጸመ። በመኳንንት ዘንድ ጋብቻ የፖለቲካ ውል ነው፤ የተሸነፈውን ቤት አማች ያደርጋል፣ ቂሙን ያለዝባል፣ የሚወለደው ልጅ ከሁለቱም ወገን ደም ይኖረዋል። የደጃች ውቤ ልጅ ለንጉሡ ስትዳር የታሰበውም ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ጥሩወርቅ እንደ ተዋበች አልነበሩም። አባታቸው እስረኛ ናቸው። እሳቸው ምንኩስና ይመኙ እንደነበርና እሺ ያሉትም በቤተ ዘመድ ግፊትና ለአባታቸው ሲሉ እንደሆነ ይነገራል።

ትዳሩ አልሞቀም። ስለ እሳቸው ከሚተረከው ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ንጉሡ ሲገቡ እቴጌዪቱ ዳዊት ይደግሙ ነበርና ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ቴዎድሮስ ቢቆጡ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው የሚል መልስ ሰጧቸው ይባላል። ነገሩ በትክክል እንዲህ ሆኖ ይሆን አይሁን፣ የዘመኑ ሰው ጥሩወርቅን በምን ዓይን ያያቸው እንደነበር ያሳያል፦ ኩሩ፣ ጸሎተኛ፣ ለማንም የማይጎነበሱ የውቤ ልጅ። ቆይቶም ንጉሡ ይተመኙ የተባሉ የየጁ ሴት አስቀመጡ። ደጃች ውቤም የተጠበቀውን ነፃነት ሳያገኙ፣ የንጉሡ አምባ መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ከመውደቁ ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ሞቱ።

አንድ ነገር ግን ከጋብቻው ወጣ። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ዓለማየሁ ተባለ።

ስለ ጥሩወርቅ የምናነበው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በውጭ ሰዎች እጅ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ሆርሙዝድ ራሳምና ዶክተር ሄንሪ ብላንክ መቅደላ ላይ ታስረው የኖሩ፣ በኋላም መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ናቸው። የእቴጌዪቱ ድምፅ የሚሰማን በእነሱና በመሰሎቻቸው ብዕር ተጣርቶ ነው።

የፋሲካው ሳምንት

ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ንጉሡ ተቆጥተው የብሪታንያውን ቆንስል ካሜሮንን፣ ሚሲዮናውያንን፣ በኋላም ሊያስፈታ የመጣውን ራሳምን አሰሩ። ብሪታንያ በምላሹ ጦር ላከች። ጦሩ የተነሣው ግን ከለንደን አልነበረም፤ ከቦምቤይ ነው። አዛዡ ሰር ሮበርት ናፒየር የቦምቤይ ጦር አለቃ ነበር። 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጭነት ከብቶች ዙላ ወደብ ላይ ወረዱ። የዘመቻው ወጪ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ጦሩ ከሕንድ በመነሣቱ የዘመቻው ጉዳይ በለንደን የሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤትንም ይመለከተው ነበር። የሚኒስትሩ ስም ከቀሚሱ ጋር የተያያዘው በዚህ በኩል ነው።

ከመቅደላ ሥር አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ውጊያው የተደረገው በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዓርብ ነበር። በፋሲካ ቀን ቴዎድሮስ ለዕርቅ ብለው ለእንግሊዝ ሰፈር ከብትና በግ ላኩ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ አምባው ተሰበረና ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ወታደሩ አምባውን በረበረ። ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔዓለም ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት፣ ዘውዶች፣ መስቀሎች፣ ታቦታት ተጋዙ። ጭነቱ 15 ዝሆኖችንና 200 የሚጠጉ በቅሎዎችን ፈለገ። ጦሩ ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርስ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ እንደገዛ እሱው ራሱ ጽፏል።

እቴጌ ጥሩወርቅና የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ በእንግሊዞች ጥበቃ ሥር ዋሉ። ራሳም እንደጻፈው ቴዎድሮስ እሳቸው ከሞቱ ልጁ ለእንግሊዞች እንዲሰጥ ተናዝዘው ነበር፤ ይህንንም የሰማው ከእቴጌዪቱ ነው። የእሳቸው የራሳቸው ፍላጎት ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ አባታቸው አገር መግባት ነበር። ወደ ባሕር ከሚመለሰው ጦር ጋርም ጉዞ ጀመሩ።

ሰሜን ሳይደርሱ ቀሩ። የሳንባ ሕመም ነበረባቸው፤ እንደርታ ውስጥ ከአንጣሎ አቅራቢያ ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. አረፉ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ከመቀሌ በስተደቡብ በምትገኘው ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ባላቸው ከሞቱ ገና አምስት ሳምንት አልሞላም።

ክርና ብር

አሁን ወደ ቀሚሱ እንምጣ። እንዲህ ያለ ሸማ ከብዙ እጅ ያልፋል። ጥጡን ሴቶች ይፈትላሉ፤ ድሩንና ማጉን ሸማኔ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ይሸምናል። ሸማው ለመኳንንት ከሆነ ክሩ ይቀጥናል፣ ድካሙም በዚያው ልክ ይጨምራል። ጥጡ የአገር ነው፤ ጥልፉ የተሠራበት ሐር ግን ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል የሚገባ ውድ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ጥልፉ ከጌጥነቱ ሌላ ማዕረግ ይናገራል። በአንገትና በደረት ላይ ሐር መልበስ ለሁሉ የሚቻል አልነበረም።

ከቀሚሱ ጋር በእቴጌዪቱ ስም የሚታወቅ የብር ጌጥም አለ። በአንገት የሚንጠለጠለው የብር ጌጥ በዘመኑ ልማድ ከመስቀል ጋር የክታብ ማኅደር ይይዛል፤ በብራና የተጻፈ ጸሎት ተጠቅልሎ የሚገባባት ትንሽ የብር ቤት ናት። አንጥረኛው ቀጭን የብር ሽቦ እየጠመዘዘ፣ እንክብል እየለጠፈ ያስጌጣታል። የለበሰችው ሴት ማዕረጓንም ጸሎቷንም አንገቷ ላይ ይዛ ትዞራለች። ስለ ጥሩወርቅ ከተተረከው ሁሉ ጋር ይህ ይስማማል፤ ዳዊቱን ሲደግሙ ከአንገታቸው የሚወርደው እንዲህ ያለ ጌጥ ነበር ብሎ ማሰብ አይከብድም።

ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ሃያ ያህል ዕቃዎችን በአንድ ላይ ለእይታ አቀረበ። ሆምስ የገዛው የወርቅ ዘውድ እዚያ ነበር። ይህ ዘውድ በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራና ከእቴጌ ምንትዋብና ከጎንደር ቁስቋም ጋር የሚያያዝ ነው። የጥሩወርቅ ቀሚስና ጌጥም ከዕቃዎቹ መካከል ነበሩ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ዘውዱና ጽዋው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ናቸው፤ ቀሚሱ ግን የአንዲት ሴት ነው። ያች ሴት ደግሞ አልተዋጋችም፤ ባሏ የሞተባት እናት ናት። ሴቲቱ ስትሞት ልብሷና ጌጧ የማን ነው? በእኛም በእንግሊዝም ሕግ የልጇ ነው።

ወራሹ የት ነበር?

እናቱ ከሞቱ በኋላ አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ልጁን ለማስቀረት ፈልገው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ዓለማየሁ ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለግል በነበረው፣ አማርኛ በሚያውቀው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ እጅ ተሰጥቶ ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1868 ክረምት ዋይት ደሴት ላይ ባለው ኦስቦርን ቤት ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀበሉት። ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እዚያው ደሴት ላይ ሥዕሉን አነሣችው። በፎቶው ላይ የአገሩን ሸማና የአንገት ጌጥ እንዳደረገ፣ ፊቱ በሐዘን እንደከበደ ይታያል።

ቪክቶሪያ ራሳቸው ባላቸውን እ.ኤ.አ. በ1861 ቀብረው ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። ልጁን ወደዱት፤ በማስታወሻቸው ላይ ደጋግመው አንሥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1876 የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት የሚለውን ማዕረግ ሲጨምሩ ዓለማየሁ በራግቢ ትምህርት ቤት ይማር ነበር።

ለታሪካችን ዋናው ዓመት ግን እ.ኤ.አ. 1869 ነው። ስፒዲ በዚያን ጊዜ ሕንድ ውስጥ ኡድ በሚባለው ግዛት የፖሊስ ሹመት አግኝቶ ስለነበር ልጁንም ይዞት ሄዷል። እንግዲህ የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቀሚሱን ለሙዚየም ሲሰጥ፣ የቀሚሱ ሕጋዊ ወራሽ በሕይወት ነበር። ስምንት ዓመቱ ነው። የሚያድረውም እዚያው ሚኒስትሩ በሚያስተዳድረው አገር፣ በብሪታንያ መንግሥት አሳዳጊነት ነው። መንግሥት የሚያሳድገውን ልጅ የእናት ልብስ ወስዶ ለሌላ የመንግሥት ተቋም ሰጠ፤ መዝገቡ ላይም ሰጪ ተብሎ የተጻፈው መንግሥት ነው። ይህን በጦር ሜዳ ላይ ከተገኘ ምርኮ ጋር አንድ ማድረግ አይቻልም። በዚያ ዘመን ሚዛንም ቢሆን የአሳዳጊ ሥራ የሕፃንን ንብረት መጠበቅ ነው።

ዓለማየሁ ንብረቱን ጠይቆ ለማግኘት ዕድሜ አልሰጠውም። ከሕንድ ተመልሶ ቸልተናም፣ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። አያቱ ከአገር ቤት ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። በቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። እናትና ልጅ ሁለቱም በሳንባ ሕመም ሞቱ፤ አንዷ እንደርታ፣ አንዱ ሊድስ።

የአጎት ልጅ

የጥሩወርቅ ዕጣ የቤተሰቡ ሁሉ ዕጣ አልነበረም። የብጡል ልጅ ጣይቱ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ። የአዲስ አበባን ቦታ መረጡ፣ ስሟንም አወጡ፤ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው አድዋ ዘመቱ። በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሲያርፉ ሥልጣናቸውን ተነጥቀው ነበር፤ ዛሬ ግን አጽማቸው በአዲስ አበባ በአታ ከባላቸው አጠገብ ያርፋል። ስለ ጣይቱ መጽሐፍ ተጽፏል፣ ሆቴል በስማቸው ተጠርቷል።

የአንድ ቤት ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ኩሩ፣ ሁለቱም እቴጌ። ከመቅደላ እስከ አድዋ ያሉት 28 ዓመታት በመካከላቸው ቆሙ። ዛሬ አዲስ አበባ የገባ ሰው የጣይቱን መቃብር ማየት ይችላል። ወደ ሰሜን ቢቀጥል የጥሩወርቅን መቃብር ጨለቆት ያገኛል። ልብሳቸውን አያለሁ ካለ ግን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል።

በውሰት ወይስ በባለቤትነት

ዘረፋውን ያወገዙት ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን እ.ኤ.አ. በ1871 እነዚህ ዕቃዎች ከኢትዮጵያ በመምጣታቸው ማዘኑን ለፓርላማው ተናግሯል። አጼ ዮሐንስ በቀጣዩ ዓመት ክብረ ነገሥትን ጠይቀው አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። በእኛ ዘመን ጉዳዩን ያነሣሡት ሪቻርድ ፓንክረስትና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት አፍሮሜት የተባለ ማኅበር ነው። ከኤዲንብራ አንድ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002፣ ከለንደን የጦር ሙዚየም የአጼ ቴዎድሮስ ጸጉር እ.ኤ.አ. በ2019 ተመልሷል፤ የዓለማየሁ ጸጉርም እ.ኤ.አ. በ2023 ከስፒዲ ዘመዶች ተገኝቶ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። አጽሙን ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልሰጠም።

የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረበው ሐሳብ የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት አቋም ደግሞ ዕቃዎቹ ለባለቤታቸው ይመለሱ የሚል ነው። ሙዚየሙ የሚያነሣው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሕግ አለ፤ በስብስቡ ውስጥ ያለን ዕቃ ለማስወገድ ያለውን መብት በእጅጉ ያጠብባል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ያው ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ ሕግ አውጥቷል። ናዚዎች ከአይሁድ ቤተሰቦች የነጠቋቸውን ዕቃዎች ይኸው ሙዚየምና ሌሎች ብሔራዊ ተቋማት ለወራሾች እንዲመልሱ ፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ በሩ አይከፈትም ማለት አይቻልም፤ ፓርላማው የተነጠቀው ቤተሰብና ወራሽ እንዳለው ሲያምን ከፍቶታል። የመቅደላ ጉዳይ ሲነሣ የምንጠራው ዘውድ፣ ታቦትና ብራና ነው፤ የአገርና የቤተ ክርስቲያን ንብረት በመሆናቸው መቅደማቸው ተገቢ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለክርክር የማይመቸው ግን ያ የጥጥ ቀሚስ ነው። የባለቤቱ ስም መዝገቡ ላይ አለ፤ የሞቱበት ቀን ይታወቃል፤ አንድ ልጃቸው በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ አሳዳጊውም ሰጪውም አንድ መንግሥት ናቸው። ከዘውዱ አስቀድሞ ይህን ቀሚስ የሚጠይቅ ሰው ምስክር ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ማስረጃውን የጻፈው ሙዚየሙ ራሱ ነው።